በወርቃማው ጣሳ ውስጥ የተገኘችው ሰማያዊ ማንኪያ

ሐሙስ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጠበቃዋ እናት ሳትጠበቅ ወደ ሕፃናት ማቆያው ገባች። የችሎት ቀጠሮዋ ለሌላ ቀን ስለተላለፈ፣ ዛሬስ ለልጄ ጡጦ የምሰጠው ራሴ ነኝ ብላ ነው። ወተት ክፍል ገብታ እጇን ታጠበችና ከመደርደሪያው ላይ «ኮሎኔል» የሚል ፕላስተር የተለጠፈበትን ወርቃማ ጣሳ አወረደች። ኮሎኔል የስድስት ወር ልጇ ነው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ግንባሩን ቋጥሮ ሰውን ሁሉ ሰልፍ እንዳበላሸ ወታደር ስለሚገመግም ሞግዚቶቹ ያወጡለት ስም ነው፤ እናቱም ሳትወድ በግድ ተቀብላዋለች።

ነጩን ማንኪያ ወደ ዱቄቱ ስትሰድ ከሥር አንድ ጠንካራ ነገር ነካች። ጫር ጫር አደረገችው። ሌላ ማንኪያ ብቅ አለች። ሰማያዊ ናት።

የጣሳ ወተት ገዝቶ ለማያውቅ ሰው ይሄ ምኑም አይደለም። በዚያ ሰፈር ሱቆች ግን የሚሸጠው የሕፃናት ወተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስሙ በየአጥሩ በትልቁ የሚለጠፍለት ወርቃማው ጣሳ ነው፤ ማንኪያው ነጭ ነው። ሁለተኛው ገዢዎቹ እንኳ ስሙን የማያስታውሱት፣ «ያንን ሰማያዊውን ስጠኝ» እየተባለ የሚሸጥ፣ ዋጋው የወርቃማውን ግማሽ የማይሞላ ነው፤ ማንኪያውም እንደ ጣሳው ሰማያዊ ነው። ጠበቃዋ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ከወትሮው ነጣ ይላል።

«የልጄ ወተት ተቀይሯል!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ተኝተው የነበሩትን አሥራ አንድ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ቀሰቀሰ። ስለ ማንኪያዋ ግን ትንፍሽ አላለችም። ጠበቃ ናትና ማስረጃ በአደባባይ አትበትንም፤ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ፖሊስ ጠራች።

*

«እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለ ሳጅኑ የወተት ክፍሉ በር ላይ ተገትሮ። ሠራተኛው ሁሉ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ እሹሩሩ ሲል ስለነበር ለመንካት የተረፈ እጅ አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። አጭርና ፈጣን ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ በፊቷ አይሏትም፣ እሷ ግን ታውቃለች፤ ለምን እንደሚሏትም አንድ በአንድ ጠይቃ አጣርታለች። ሳጅኑ በዕድሜ ይበልጣታል። የስድስት ልጆች አባት በመሆኑ መንገዱን ሙሉ «የልጅ ነገር ለእኔ ተዪው» ሲላት ነው የመጣው።

ጠበቃዋ መሐረቡን ፈታ አሳየቻት።

«ስለ ማንኪያዋ ለማን ነገርሽ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለማንም። ጠበቃ ነኝ እኮ።»

«እንዲህ ነው እንጂ! በዚሁ ቀጥዪ።»

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው። የእጅ መታጠቢያ፣ ጡጦ የሚቀቀልበት ድስት፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ረጅም መቆንጠጫ፣ እያንዳንዱ ጡጦ በስንት ሰዓትና በስንት ማንኪያ እንደተዘጋጀ የሚጻፍበት ወረቀት። መደርደሪያው ላይ ወርቃማና ሰማያዊ ጣሳዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተለበጠ «የወተት ክፍል ደንብ» ተሰቅሏል፤ አሥራ አራት አንቀጽ ነው፤ ከግርጌው የዳይሬክተሯ ፊርማ እንደ ሐረግ ተጠማዟል።

«ልጁ ደህና ነው» አለ የማቆያው ሐኪም። ኮሎኔል የማዳመጫውን ገመድ ጨብጦ አልለቅ ብሎታል። «በሁለቱም ጣሳ ያለው ወተት አንድ ዓይነት መስፈርት አልፎ ነው የሚሸጠው። የሚለየው ማስታወቂያው ነው።»

«ዶክተር፣ እኔ የጠየቅሁት የልጄን ጣሳ የነካው ማን ነው ብዬ ነው!» አለች ጠበቃዋ።

ኢንስፔክተሯ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ስታገኛት ግን ቁጣው ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ ገባት። «ጡቴ እምቢ ብሎኝ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ወር ታገልኩ፤ ጠብ አላለም። የእኔን ካላገኘ ከተሸጠው ሁሉ ምርጡን ያገኛል ብዬ ለራሴ ማልኩ። አሁን እሱንም ወሰዱበት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኢንስፔክተሯ የምታብስበት መሐረብ ልታቀብላት ፈለገች፤ በአቅራቢያው ያለው መሐረብ ግን ማስረጃ ተጠቅልሎበት ነበር።

*

ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ጥቁር መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ተቀበለቻቸው። ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ በብረት የተተኮሰ ነጭ ኮት፣ አንዲት ወረቀት እንኳ ያልተንጋደደችበት ጠረጴዛ። ማቆያውን መምራት ከጀመረች አሥር ዓመቷ ነው።

«የወተት ክፍሉ ቁልፍ የማን ነው?»

«ኮሪደር ላይ ይንጠለጠላል፤ ማንም ያነሳዋል። ወተት የሚያዘጋጁት ግን እትዬ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ።»

«በአሥራ ስምንት ዓመት ስንት ጊዜ ተከሰሱ?»

«አንድም ጊዜ። ግን...» ዳይሬክተሯ ተነፈሰች። «ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ከሥራ ጠፍተው ነበር። የት ነበሩ ብላቸው አልናገርም አሉ። ምን ላድርግ? ወላጆች መልስ ይፈልጋሉ። ደብዳቤያቸውን አዘጋጅቻለሁ፤ እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ይሰናበታሉ።»

ኢንስፔክተሯ የእንግዶችን መዝገብ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ ሊያስመዘግቡ የመጡ ሁለት ቤተሰቦች ማቆያውን ጎብኝተው ፈርመዋል። ሌላ የረባ ነገር የለውም። «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

*

እትዬ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንዳይገቡ ተከልክለዋል፤ ወደ ቤታቸው መሄዱ ደግሞ ጥፋትን ማመን መስሏቸዋል።

«እትዬ፣ ወተቱን እርስዎ ነዎት የቀየሩት?»

«ዓይኔን ግንባር ያድር...» ብለው ጀመሩና መሐል ላይ አቆሙት። «ተይው፣ በዓይኔ አልምልም። እኔ አልቀየርኩም ልጄ።»

«ዱቄቱ ነጣ ማለቱንስ አላስተዋሉም?»

«አላስተዋልኩም።»

«ለምን?»

ቦርሳቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«ማክሰኞስ የት ነበሩ?»

«እሱን ሆዴ ይፍጀው።»

«እትዬ፣ ነገሩ ሥራዎ ላይ እኮ ነው የመጣው!»

ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። እትዬ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እሷ ዱባ ናት። በግራ ጎኗ ካላስተኟት አታርፍም። እባክሽ ግቢና ንገሪያቸው።»

ኢንስፔክተሯ ገብታ ነገረች። ዱባ በግራ ጎኗ ተኛች፤ ለቅሶውም ቆመ። ኢንስፔክተሯ ሴትዮዋን ወደደቻቸው። መውደድ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲያውም ሥራ ያበላሻል።

*

«እጅ ከፍንጅ!» ሲል ሳጅኑ ከጓሮ ተጣራ።

ከጀኔሬተሩ ክፍል ጀርባ ሃያ ያህል ባዶ ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የቃሪያ ችግኝ በቅሎበታል። አጠገባቸው አንዲት ድመት ሦስት ግልገሎቿን አስተኝታ ከሰሃን ወተት ትልሳለች፤ ጢሟ በዱቄት ነጥቷል። ዘበኛው አባባ በሳጅኑና በድመቷ መሐል እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ወተቱ ከየት መጣ አባባ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ተጥሎ አገኘሁት።»

«የልጅ ወተት ማን ይጥላል?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው! ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቆሻሻ ልደፋ ስል ሰማያዊ ጣሳ አገኘሁ። ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው። የተከፈተ ስለሆነ ለሰው ልጅ አልሰጥም፤ ለእሷ ግን... አራስ ናት እኮ!»

«ከየትኛው ቅርጫት ነው ያገኙት?»

ዘበኛው ጫማውን ማየት ጀመረ። «ከቅርጫት ነዋ። ቅርጫት ሁሉ ያው ቅርጫት ነው።»

ኢንስፔክተሯ አልገፋችበትም። ሰው ጫማውን ማየት ሲጀምር የሚፈራው ሰው በቅርብ አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በጥያቄ ብዛት አፉን ማስከፈት አይቻልም።

«ይሄው ሌባው ተያዘ፤ ምን እንጠብቃለን?» አለ ሳጅኑ ወደ ግቢው ሲመለሱ።

«ወርቃማውን የሰረቀ ሰው ሰማያዊውን ለድመት ይሰጣል? የጠፋው ወርቃማው ነው። እሱ የት ሄደ?»

«ጠጥቶት ይሆናላ!»

«አንተ ደግሞ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አታድክመን።»

*

ዓርብ ጠዋት ጠበቃዋ ደወለች። ሌሊቱን ስታሰላ ያደረችውን ልትነግር ነው። «ዱባ የምትባለዋን ልጅ አይተሻታል? የእናቷ ጣሳ ሰማያዊ ነው፤ ልጅቷ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ክብ ሆናለች። የልጄን ወተት የምትጠጣው እሷ ናት!»

የዱባ እናት ጎማ ጠጋኝ ናት። ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ሲደርሱ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ የአንድ ታክሲ ጎማ ታወልቃለች። ዱባ ጥግ ላይ ከታጠፈ ካርቶን በተሠራ አልጋዋ ውስጥ ተቀምጣ የጎማ ክዳን ታኝካለች።

«ዛሬ ለምን ማቆያ አልላክሻትም?»

«እትዬ የሌሉበት ቤት ልጄን አልልክም» አለች ጠጋኟ፣ ቁልፉን ሳታስቀምጥ።

ኢንስፔክተሯ ስለ ልጅቷ ውፍረት የተባለውን ነገረቻት። ጠጋኟ ቁልፉን ጣለችው። «ልጄ የወፈረችው በአባቷ ወገን ነው! አባቷን ብታዪው እኮ በር የሚገባው በጎኑ ነው! ከተወለደች ጀምሮ ሰማያዊውን ነው የምትጠጣው፤ ምን ጎደላት? ይልቅ ርቧታል፤ ቆይ ላዘጋጅላትና እየሠራሁ ጠይቂኝ።»

እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች። አዲስ ሰማያዊ ጣሳ ከፈተች። የላዩ ዱቄት ለጥ ያለ ነው፤ ምንም የለበትም። ጠጋኟ ፍል ውሃ ውስጥ የነበረ ሹካ አውጥታ፣ ሳታይ፣ ከዱቄቱ ውስጥ ሰማያዊ ማንኪያ መዛ አወጣች።

«እዚያ ውስጥ እንዳለ በምን አወቅሽ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ፋብሪካው ቀብሮ ነው የሚልከው፤ ከላዩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። ወርቃማው ክዳኑ ላይ ነው አሉ የሚለጥፈው። መጀመሪያ ቀን እኔም ማንኪያ ሳይሰጠኝ ሸጠልኝ ብዬ ባለሱቁን ልደበድበው ነበር። እትዬ ናቸው እየሳቁ አውጥተው ያሳዩኝ።»

ኢንስፔክተሯ ማንኪያዋን ተቀብላ አገላበጠቻት። ሳጅኑ ይህን አኳኋኗን ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ብዙ መራመድ ስለሚመጣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ።

*

ከማቆያው ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ማስታወስ የሚወድ ሰው ነው።

«ማክሰኞ! ማክሰኞ ወርቃማው አልቆብኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። የለም ስላት ደነገጠች። ከዚያ ሰማያዊውን ብድግ አደረገችው። ሰው ሁሉ ‹ለስንት ወር ልጅ ነው?› ይላል። እሷ ግን ‹ቀለሙ ከወርቃማው ጋር ይመሳሰላል?› አለችኝ። ግድግዳ ልትቀባበት ነው እንዴ አልኩ በሆዴ!»

«ፊቷን ታውቀዋለህ?»

«መነጽር አድርጋ ነበር፤ ጥቁር። ሱቁን የተረከብኩት በዚህ ወር ነው፤ የሰፈሩን ሰው ገና አልለየሁም፤ እጄ ላይም ደንበኛ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሁለት ሰማያዊ ጣሳ ገዝታ አንዱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ለሳጅኑ ሰጠችው። «የስድስት ልጆች አባት፣ እስቲ አንድ ጡጦ አዘጋጅልኝ።»

ሳጅኑ በኩራት ከፈተው። ላዩን አየ። ክዳኑን ገልብጦ አየ። ጣሳውን ዙሪያውን አየ። «ማንኪያ የለውም» አለ በመጨረሻ። «አጭበርብረውሻል።»

«ለባለቤትህ ሰላምታ አቅርብልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስድስቱንም ብቻዋን ነው ያሳደገቻቸው።»

ባለሱቁ ሳቁን ለመደበቅ ባንኮኒው ሥር ገባ።

*

እትዬ ቤታቸው ናቸው። አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳው ሙሉ በእጃቸው ያደጉ ልጆች ፎቶግራፍ ነው። አንዳንዶቹ አሁን ጢም አውጥተዋል።

«እትዬ፣ ጥቁር መነጽር አለዎት?»

«ጥቁር ምን ያደርግልኛል፣ ሳልጨምርበት ጨልሞብኝ!» አሉ እትዬ፤ ወዲያውም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እትዬ ቀስ ብለው ተነሡና ከትራሱ ሥር አንድ ትንሽ ማኅደር አወጡ። አዲስ መነጽር ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም። ከውስጡ የዓይን ክሊኒክ ካርድ ታጥፏል፦ ማክሰኞ፣ ተራ ቁጥር አርባ አንድ፣ መግቢያ ስምንት ሰዓት፣ መውጫ አሥር ሰዓት።

«ደንቡን አይተሽዋል፤ አንቀጽ ዘጠኝ» አሉ። «‹ዓይኑ የደከመ ሰው በወተት ክፍል አይሠራም።› መነጽሩን ካዩብኝ አለቀልኝ። ዱቄቱ መንጣቱን ሰው ሁሉ ያያል፤ እኔ ግን አላየሁም።»

«ይሄንን ብለው ቢሆን ኖሮ እኮ ትናንትና ነፃ ይወጡ ነበር! ለምን ሌባ መባልን መረጡ?»

«ሌባ ቢሉኝ ውሸት ነው፤ አንድ ቀን ይወጣል። ታውራለች ቢሉኝ ግን እውነት ስለሆነ ማስተባበያ የለውም።» እትዬ መነጽሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከዚያ ክፍል ካስወጡኝ እኔ ምንድን ነኝ?»

ኢንስፔክተሯ ካርዱን ማስታወሻዋ ውስጥ ከተተችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ የቀራት ሦስት ሰዓት ነው።

«መነጽሩን ያድርጉ» አለች። «አብረን እንሄዳለን።»

*

አሥር ሰዓት ላይ ወተት ክፍሉ ውስጥ ሰባት ሰው ተጨናንቆ ቆመ። ጠበቃዋ ኮሎኔልን ታቅፋለች። ጎማ ጠጋኟ ዱባን ይዛለች። እትዬ ነጩን መነጽራቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ዘበኛው አባባ ከኋላቸው ነው። ዳይሬክተሯ መነጽሩን አየችና ቅንድቧን አነሣች፤ ኢንስፔክተሯ ግን ቀደመቻት።

«ዳይሬክተር፣ ለመዝገቤ አንድ ነገር ጎድሎኛል። ወተት በደንቡ መሠረት እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ። ደንቡን ከጻፈው ሰው የተሻለ ማን አለ?»

ዳይሬክተሯ ደስ አላት። ኮቷን አስተካከለች፣ እጇን ታጠበች። «አንቀጽ አንድ፣ ውሃው ፈልቶ የበረደ ይሁን። አንቀጽ ሁለት፣ ጡጦው የተቀቀለ ይሁን...» ድምፅዋ እንደ ዜና አንባቢ ነው። ውሃውን በልኩ ቀዳች። ኢንስፔክተሯ የተገዛውን ሁለተኛ ሰማያዊ ጣሳ አቀበለቻት። ከፈተችው።

«አንቀጽ አራት፣ በመስፈሪያው ማንኪያ...» ዳይሬክተሯ ቆመች። የዱቄቱን ላይ አየች። ክዳኑን ገልብጣ አየች። ጣሳውን ነቅነቅ አደረገችው። «ማንኪያ የለውም» አለች። «ፋብሪካው ረስቶታል። ርካሽ ዕቃ እንደዚህ ነው!»

መጀመሪያ የሳቀችው ጎማ ጠጋኟ ናት። ሳጅኑ አልሳቀም፤ ኮርኒሱን ያይ ነበር።

«እትዬ፣ እስቲ ይርዷት» አለች ኢንስፔክተሯ።

እትዬ ረጅሙን መቆንጠጫ ከምስማሩ አውርደው ፍል ውሃ ውስጥ ነከሩት። አንድ ጊዜ ወደ ዱቄቱ ሰደዱት። ሰማያዊዋ ማንኪያ ወጣች።

«ማክሰኞም ማንኪያውን አላገኙትም ነበር፣ አይደል ዳይሬክተር?» አለች ኢንስፔክተሯ በለሰለሰ ድምፅ። ከኪሷ መሐረቡን አውጥታ ፈታችው። «ላይ የተቀበረ ማንኪያ ጣሳው ሲገለበጥ ቀድሞ ይወድቅና ከተጨመረው ዱቄት ሥር ይገባል። ይቺ በኮሎኔል ወርቃማ ጣሳ ውስጥ ከሥር ነው የተገኘችው። ወተት የሚያዘጋጅ እጅ ሁሉ ሰማያዊውን ሲከፍት አስቀድሞ እሷን ያወጣል። የገለበጠው ሰው ግን መኖሯንም አያውቅም። እዚህ ቤት በየቀኑ በወተት መሐል እየዋለ አንድም ቀን ጡጦ ያላዘጋጀ ሰው ማን ነው ብዬ ፈለግሁ። አባባ፣ ያ ግማሽ ጣሳ ከየትኛው ቅርጫት ነበር?»

ዘበኛው ጫማውን አየ። ከዚያ እትዬን አየ። «ከዳይሬክተሯ ቢሮ፣ ከወረቀቱ ቅርጫት» አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው በአንድ ጊዜ ነው የነጋው። ዳይሬክተሯ ጥቁር መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አወረደችና የምታስቀምጥበት አጣች።

«ክርኔ ነው» አለች። ድምፅዋ አሁን የዜና አንባቢ አይደለም። «ለእንግዶቹ ክፍሉን ሳስጎበኝ እጄን ዘርግቼ፣ ‹እዚህ ቤት አንዲት ፍሬ ዱቄት አትባክንም› እያልኩ... ክርኔ ጣሳውን ገፋው። እነሱ ኮሪደር ወጥተው ነበርና አላዩኝም። ግማሹ መሬት ፈሰሰ፤ በእጄ ጠረግሁት። ሱቅ ሮጥኩ፤ ወርቃማው የለም። ለዛሬ በሰማያዊው እስከነበረበት ልሙላውና ነገ በአዲስ እቀይረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ማንም ምንም አላለም። እኔም ተውኩት።»

«ትናንትናስ?» አለች ጠበቃዋ። «እትዬ ውጭ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡስ?»

ዳይሬክተሯ እንባዋ መጣ። «አሥር ዓመት ስለ ንጽሕና ስሰብክ ኖሬ፣ እኔ ነኝ ያፈሰስኩት ማለት አቃተኝ። ሁሉም ወደ እሳቸው ሲያይ ዝም አልኩ።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለች ጎማ ጠጋኟ፣ ዱባን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዞረች። ማንም አልተቃወማትም።

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች። «አቤት ባይዋ አንቺ ነሽ» አለች ለጠበቃዋ። «ክሱ ይቀጥል?»

ጠበቃዋ ልጇን አየችው። ኮሎኔል ግንባሩን ቋጥሮ ሰማያዊዋን ማንኪያ ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። «ልጄ ከማክሰኞ ጀምሮ ሰማያዊውን ሲጠጣ ሰነበተ፤ እኔ እናቱ ያወቅሁት በማንኪያ ነው» አለች። «አልታመመም፣ አልከሳም። ጣሳው ምርጥ ከሆነ እኔም ጥሩ እናት እሆናለሁ ብዬ ነበር የያዝኩት። ክሱን አነሣለሁ። ከሰኞ ጀምሮም ሰማያዊውን ነው የማመጣው፤ በገዛ እጄ ከፍቼ።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች፤ በቀን ሦስት ችሎት የሚረታው አንደበቷ አሁን ተሳሰረ። «እትዬ፣ ልጄን አሳድገውልኝ እኔ ግን በሌብነት ጠረጠርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኮሎኔል ከእናቱ እቅፍ ተወርውሮ ገባላቸው። በመነጽራቸው ውስጥ ሆነው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆች ኮሪደሩን መሙላት ጀምረዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ዳይሬክተሯ የተዘጋጀውን ደብዳቤ ከኮቷ ኪስ አውጥታ ከሁለት ቀደደችው። ግድግዳው ላይ ካለው ደንብ አንቀጽ ዘጠኝን ሰኞ እንደምትሰርዝ ተናገረች። ለወላጆቹም አሁኑኑ ራሷ ወጥታ እውነቱን እንደምትነግር ቃል ገባች። በመጨረሻ እትዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን ብዬ...»

«ሰምቼሻለሁ ልጄ» አሉ እትዬ ኮሎኔልን ወደ ትከሻቸው ከፍ እያደረጉ። «ወላጆቹን አነጋግሪና ተመለሺ። አምስት ልጅ ርቦታል፤ እኔ ደግሞ እጄ ተይዟል። ቀለበትሽን አውልቂና እጅሽን ታጠቢ፤ አሳይሻለሁ።»

ዳይሬክተሯ ቀለበቷን አውልቃ ለሳጅኑ አስያዘችውና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።